የስንዱ የመጨረሻ የገበያ ዘገባ

ያን ጠዋት ከጨረቃ በመስመር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ለአዲስ ሰመራ ከተማ ሰው ይህ ሽንኩርት ተወደደ እንደማለት ነው፤ ቁርሱ ላይ አጉረምርሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ስንዱ ጋሻነህ ግን ሠላሳ ዓመት እንጀራዋን የበላችው ይህንኑ እየጻፈች ነው። የኃይል ገበያ ጋዜጠኛ ናት፤ ነገ ጡረታ ትወጣለች።

የመጨረሻ ዘገባዋን እንደጀመረች ታላቅ ወንድሟ መሐሪ ከትውልድ ከተማቸው ከቆላ ምንጭ ደወለ። ሳንባው ከደከመ ወዲህ የሚተነፍሰው በማሽን ነው።

«ስንድዬ፣ መብራት ጠፋ። ባትሪው ቢቆይ ሩብ ሰዓት ነው።»

«አይዞህ ወንድም ጋሼ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው።»

ኃይል የሚያከፋፍለው «አመዛዛኝ» ነው፤ የገበያ ዜና እያነበበ ለየከተማው ድርሻውን የሚቆርጥ አሳቢ ማሽን። ስንዱ በጋዜጠኛ ፈቃዷ ገብታ ጠየቀችው።

«ቆላ ምንጭን ለምን አጠፋህ?»

«የጨረቃው መስመር ተበላሽቶ ኃይል አጠረ። ማን እንደሚቀድም የተማርኩት ከእርስዎ ዘገባዎች ነው። ቆላ ምንጭን በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜም አልጠሩትም።»

እውነቱን ነው። ቦታ ጠበበኝ እያለች ትናንሾቹን ከተሞች «እና ሌሎች» ብላ ታልፋቸው ነበር። ለጀማሪዎችም ያስተማረችው ይህንኑ ነው። የተወለደችበትን አገር ሳይቀር እዚያ ውስጥ መክተቷን ስታስበው አፈረች።

«መልሰው!»

«በምትኩ የሚጠፋ አንድ ከተማ ይምረጡ። ከተመረጠ በኋላ በሌላ ከተማ አይቀየርም፤ ወይ እሱ ወይ ቆላ ምንጭ ነው።»

አርባ ስም መጣ። አንዱንም አታውቀውም። ወንድሟ በስልኩ ውስጥ ያቃስታል። ጣቷን ካገኘችው ስም ላይ አሳረፈች፤ «ጠንበለል» ይላል።

መሐሪ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን! መጣ፣ ስንድዬ፣ መጣ! ሰው ያለው ሰው እንዲህ ነው። ዕድሜሽን ያርዝመው።»

አሜን ማለት አቃታት። የጠንበለልን መዝገብ ከፈተች። ነዋሪ ሁለት መቶ ስድስት፤ በማሽን የሚተነፍሱ ሦስት። አንዷ የስምንት ዓመት ልጅ ናት።

አመዛዛኙ ቆላ ምንጭን ሲያጠፋ ስለ መሐሪ የነገረው አልነበረም። እሷ ግን ስለ ልጅቷ አሁን ታውቃለች።

«ጠንበለልን ልመልሰው?» አለ ማሽኑ። «ቆላ ምንጭ ይጠፋል።»

መሐሪ ገና እየመረቃት ነው። ስንዱ መዝገቡን ዘጋችውና አለቀሰች።

ማሽኑ ጥያቄውን ደገመው።