ለአባዬ እንዳታነቢለት

ሙስዓብ ለምላሱ ልጓም ቢኖረው ኖሮ፣ በእህል በረንዳ እንደሱ የተወደደ ተሸካሚ አይገኝም ነበር። ፈርሀት ግን የወደደችው ከነምላሱ ነው፤ ምን ይደረግ! በአባቷ በጋሼ ጠይብ መጋዘን በር ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ስትሰፋ፣ እሱ ኩንታሉን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ ጋዜጣ ያነብላታል። እንዲህ ሲተያዩ ዓመት ሞላቸው። ለዓርብ ሽማግሌ ሊልክ ቆርጧል።

ጊዜው 1991 ነው፤ የድንበሩ ጦርነት የተፋፋመበት። የፈርሀት ታላቅ ወንድም ሙደሲር ግንባር ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ተሸካሚዎቹ ሬዲዮ ከበው ተቀምጠዋል።

«የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊያስታርቅ ነው አሉ» አለ ጣሰው። ወንድሙን ጦርነቱ በልቶበታል።

«መግለጫ ከማውጣት ሌላ ምን ጉልበት አለው?» አለ ሙስዓብ። «የተባበሩት መንግሥታትም ያው ነው። ትላልቆቹ አገሮች እንደሆኑ የሁለቱም ወዳጅ ነን ባዮች ናቸው። ደግሞስ ጉዳዩ መሬት ብቻ መሰለህ? እዚያም እዚህም አለቆቹ የቤታቸውን ጣጣ ሊሸፍኑበት ነው።»

«ታዲያ ወንድሜ በከንቱ ነው የሞተው?»

ሙስዓብ ለመመለስ አፉን ሳይከፍት የጣሰው ቡጢ አረፈበት። ሌሎቹም «ባንዳ!» እያሉ ሰፈሩበት። ጎኑን በእርግጫ አሉት፤ አንዱ በሚዛን ብረት ግንባሩን ፈነከተው። መሬት የፈሰሰው ስንዴ በደም ራሰ። ፈርሀት እየጮኸች ላዩ ላይ ተደፋች። ለሱ የተሰነዘረው ዱላ የሷን ክንድ ሰበረው።

«ወይኔ ልጄን!» ጋሼ ጠይብ ሰዉን እየገፉ ገቡ። የተባለውን ሲሰሙ ግን ደማቸው ፈላ። ሙስዓብን ኮሌታውን አንቀው አነሱት።

«ልጄ እዚያ ጥይት ይበላል፣ አንተ እዚህ ትፈላሰፋለህ! ማነው ይህን ያስተማረህ?»

ሙስዓብ ደም ተፋ። ቃሉ የሱ አልነበረም። የማን እንደሆነ እሱና ፈርሀት ብቻ ያውቃሉ፤ አንድ ስም ቢጠራ ይድናል።

«ማንም አላስተማረኝም፣ ጋሼ። የራሴ አፍ ነው።»

«እንግዲያው ዓርብ ሽማግሌህን ደጄ እንዳላይ! ፈርሀትን በሕልምህም አታገኛትም!»

ፈርሀት ይህን መታገስ አልቻለችም። በደህናው እጇ ከጉያዋ ደብዳቤ አወጣች። ፊደል ያልቆጠሩት አባቷ የልጃቸውን ደብዳቤ የሚሰሙት በሷ አንደበት ነው፤ ይህን ገጽ ግን ዘልላው ነበር።

«ይህን ያለው ሙደሲር ነው፣ አባዬ። ለሙስዓብ ያነበብኩለት እኔ ነኝ» አለችና እያለቀሰች አነበበች፦ «እዚህ ምሽግ ውስጥ ‹የምንሞተው ለመሬቱ ነው ወይስ አለቆቹ የቤታቸውን ጣጣ እንዲሸፍኑበት?› እየተባባልን እናድራለን። ለአባዬ እንዳታነቢለት።»

የጋሼ ጠይብ እጅ ከኮሌታው ላይ ወደቀ። ጣሰው ፊቱን አዞረ።

«ይህን እያወቅህ ነው የተደበደብከው?» አሉ ጋሼ ጠይብ።

«እርስዎ ከሚሰሙት ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

«ዓርብ ሽማግሌዎችህ ይምጡ» አሉ በመጨረሻ። «ሠርጉ ግን ልጄ ሲመለስ ነው።»

ሁለት ዓመት ጠበቁ። አስታራቂ ሲመላለስ ስንቱ ለጋ ወጣት አለቀ! ሙደሲር አንድ እግሩን እዚያው ትቶ በክራንች መጣ።

በሠርጉ ቀን ከሙሽሮቹ ጎን ተቀመጠ። አባቱ ወደሱ ጠጋ አሉ።

«እንዲያው ልጄ፣ ለምን ነበር ያዋጓችሁ?»

«እኔ እኮ፣ አባዬ» አለ ሙደሲር፣ «ስመለስ እናንተ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ነበር።»

ፈርሀት የሙስዓብን እጅ ፈልጋ ጨበጠች።