የግራዝማች ይመስገን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ ከሊማሊሞ ገደል የሚወጣው ብርድ ደባርቅን ያንቀጠቅጣት ነበር፤ የገበያው ሜዳ በገበያተኛ ፈንታ ከጃናሞራ በወረደ ሕዝብ ተሞልቶ፣ ያ ሕዝብ ዓይኑን በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀውም ዳባት መጋዘን ገብቷል የተባለውን የእርዳታ ስንዴ ነው።

የዳባቱ የደብተራ ታገኘ ልጅ ዋሴ፣ በዚያን ጊዜ የራዲዮ ዜና አቀባይ ነበረ። መቅረጸ ድምፁን በትከሻው አንግቦ በሕዝቡ መካከል ሲያልፍ፣ የጃናሞራውን ሽማግሌ ግራዝማች ተክለ ማርያምን አገኛቸው። ደርግ የድሮውን ሹመት ሁሉ ከሻረ ቆይቷል፤ የአገሩ ሰው ግን ግራዝማች ማለቱን አልተወም፤ ካድሬው እንኳ ሲጨንቀው «ጓድ ግራዝማች» ይላቸው ነበር።

«እንደምን ሰነበቱ ግራዝማች? አገሩ እንዴት ነው? እህሉስ?» አለ ዋሴ፣ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ።

«ይመስገን፤ አገሩ አማን ነው፤ እህሉም ደግ ነው።»

በስሜን አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ፈጣሪውን ሳያመሰግን ወደ ችግሩ አይገባም፤ ምስጋናው ደጃፍ ነው፤ ነገሩ ያለው እልፍኝ ውስጥ ነው። ሽማግሌውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እልፍኙ ገቡ።

«እንግዲህ ስማኝ ልጄ። ገብሱ በቡቃያው ቀረ፤ በሬውን አርደን በላነው፤ ዘሩንም ቆልተን ጨረስነው፤ ረሃብ ገባ። የሞተውን ቀብረናል፤ ቄሱ ግን ፍትሐት አላደረሱም፤ ቆመው የሚያዜሙበት ጉልበት አጡ። ይህን ለመንግሥት አድርስልኝ።»

«አደርሳለሁ አባቴ» አለ ዋሴ።

ድምፁ የተቀዳበት ክር አዲስ አበባ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ፣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በገበያው ሜዳ ላይ ዜና ማሰማት ጀመረ፤ የጃናሞራ ገበሬዎች የዘንድሮው ሁኔታ አጥጋቢ ነው ብለው መሰከሩ አለ፤ አስከትሎም የግራዝማችን ድምፅ ለቀቀው። «ይመስገን፤ አገሩ አማን ነው፤ እህሉም ደግ ነው።» ከዚያ ማርሽ ሙዚቃ።

ሽማግሌው ቆመው የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ፤ ሕዝቡም ዞሮ አያቸው።

በማግስቱ የእርዳታው ኃላፊ ከደጃፉ ብቅ ብሎ «ሽማግሌያችሁ ደግ ነው ብለው የለ? ስንዴው ለባሰበት አገር ይሄዳል» አለና በሩን ዘጋ፤ ሕዝቡም ባዶ እጁን ወደ ጃናሞራ መመለስ ጀመረ። የግራዝማች ልጅ ጥሩዬ ዋሴን ከመንገድ ጠብቃ ያዘችው።

«አባቴን በገዛ አንደበታቸው ገደልካቸው እኮ። ሰው ሁሉ “እሱ ጠግቦ ለእኛ መሰከረልን” ይላቸዋል። ውኃ የሚያቀብላቸው እንኳ ጠፋ።»

ዋሴ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። የዜናው ክፍል አለቃ ያርጋል፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ የዋሴን የወገራ አነጋገር በሰው ፊት እየቀዳ የሚያስቅ ሰው ነበር።

«ቃሉ የሰውየው አይደለም ወይ?» አለ ያርጋል።

«ቃሉስ የሳቸው ነው፤ ግን ሰላምታ ነው።»

«ጠየቅህ፣ መለሱ። አንተ ማይክሮፎኑን ያዝ፤ ማሰቡን ለተማረ ተወው።»

«እናንተ ክር የቆረጣችሁ መስሏችኋል፤ የሰው ምላስ ነው የቆረጣችሁት» አለ ዋሴ፤ መቅረጸ ድምፁንም ከጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ።

ደጅ ጠንቶ፣ ከደረጃውም ዝቅ ብሎ፣ ወደ አንድ ጋዜጣ ተዛወረ። አዘጋጁ አቶ ወልደ ሩፋኤል የግራዝማችን ቃል ሙሉውን የጻፈበትን ጽሑፍ ተቀብለው «እዚህ ቤት መቀስ የለም ወንድሜ፤ ቀይ ቀለም ግን አለ» አሉት። እንዳሉትም ጽሑፉ ከሳንሱር መርማሪው ሲመለስ የታረደ በግ መስሎ ነበር፤ ገብሱ ተሰርዟል፤ በሬው ተሰርዟል፤ ረሃብ የሚለው ቃል ወረቀቱ እስኪቀደድ ተፍቋል፤ የቄሱ ጉልበት ማጣትም አልቀረለትም። ከምስጋናው ቀጥሎ የተረፈው «የሞተውን ቀብረናል፤ ቄሱ ግን ፍትሐት አላደረሱም» የሚለው ብቻ ነው። በዳሩ ላይ መርማሪው «ኋላ ቀር ልማድ እየቀረ መሆኑን ስለሚያሳይ ይውጣ» ብሎ ጽፎበታል።

አቶ ወልደ ሩፋኤል አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

«ምን ያስቃል?» አለ ዋሴ ተቆጥቶ።

«ይህ ሰው ቀብር የሚያውቅ አይደለም። የተወልህን ተመልከተው እንጂ።»

ጋዜጣው ደባርቅ ሲደርስ አንድ ዲያቆን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቆሞ አነበበው። ነገሩ መጀመሪያ የገባት ጠላ ሻጯ አረጋሽ ናት።

«ቄስ ፍትሐት የሚተወው ራሱ ሲወድቅ ነው። ግራዝማችን በከንቱ አማናቸው። በሉ ለሞቱት ተዝካር እናውጣላቸው።»

ደባርቅና ዳባት ካላቸው ላይ ገብስና ባቄላ አዋጡ። ኬላው ላይ አህዮቹን ያስቆመው ሹም «የት ነው ይሄ ሁሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ተዝካር ነው ጌታዬ» አለች አረጋሽ።

«የማን?»

«የጃናሞራ።»

«የጃናሞራ የማን?»

«ማንን ልጥራልዎ? ሁሉም ነው እኮ።»

ሹሙ አንገቱን ደፍቶ አሳለፋቸው። እህሉ ጃናሞራ ሲደርስ ግራዝማች አርፈው ነበር። ከደባርቅ የሄዱት ቀሳውስት መጀመሪያ ያደረሱት የእሳቸውን ፍትሐት ነው፤ ውኃ የነፈጋቸው ሰውም ከመቃብሩ ዙሪያ ቆሞ ደረቱን መታ፤ ጥሩዬ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

በዚያ ዘመን የተጻፈው መዝገብ በጃናሞራ አጥጋቢ ሁኔታ እንደ ነበረ ይናገራል፤ የግራዝማች ድምፅም ከራዲዮ ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ዛሬም እያመሰገነ ተቀምጧል። ያርጋል ተሾመ፤ ስንዴው የት እንደ ገባ የጠየቀም የመለሰም የለ፤ ዋሴ በጻፈው ጽሑፍ ላይ ስሙ አልወጣም፤ ጋዜጣውም በርበሬ ተጠቅልሎበት አለቀ። ይሁን እንጂ በደባርቅ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ አፉን የሚይዝበት ሲገጥመው፣ ለምን እንደሚባል የማያውቀው ወጣት ሳይቀር እንዲህ ይላል፦ «ቆይ አስጨርሰኝ፤ የግራዝማች ይመስገን አታድርገው።»