የዓሣ መራቢያው ገዳይ

የደሴቲቱ ሰው በግማት ነቃ።

ሳጅኗ ዓሣ መራቢያው ዳር ስትደርስ ውሃው አይታይም፤ ነጭ ሆድ ብቻ። ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ ውሃ የጠጡት ወፎች ሳይቀሩ ተገልብጠዋል። ለዓመታት መረብ እንዳይጣልበት የተጠበቀውን፣ የመንደሩን ሁሉ ጓዳ፣ አንድ ሌሊት በላው።

ሸምበቆው ውስጥ ባዶ የተባይ መድኃኒት ጀሪካን አገኘች።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቀደም ሲል በተከለከለው ቦታ መረብ ሲጥል የተያዘው አጥማጅ ነበር። ሰዎች ደበደቡት።

«እኔ ሌባ ነኝ» አለ፣ ከንፈሩ እየደማ። «ዓሣው ካለቀ ምኑን ልሰርቅ?»

ሳጅኗ ለቀቀችው። ቀጥሎ ሁሉም ቦታውን ለሆቴሉ ይፈልገዋል ብሎ ጣቱን ባለሆቴሉ ላይ ቀሰረ። እሱ ግን እንግዳ የሚመጣለት ወፍ ለማየት ነው፤ በረንዳው ላይ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አገኘችው።

ቀናት አለፉ፤ ግራ ገባት። ምክር ፍለጋ ያሳደጓት አጎቷ ዘንድ ሄደች። መራቢያውን ያስከለሉት፣ የጥበቃ ኮሚቴውም ሊቀ መንበር እሳቸው ናቸው።

ግቢው ውስጥ ዳክዬዎች ይንጫጫሉ።

ቀጥ ብላ ቆመች። የመንደሩ ዳክዬ ሁሉ ያን ዕለት ማለዳ መራቢያው ገብቶ አልቋል።

«የእርስዎዎቹ እንዴት ተረፉ፣ ጋሼ?»

«አሟቸው ዘግቼባቸው ነበር።»

«ሁሉንም?»

እጃቸውን ጋቢያቸው ስር ከተቱ።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ጣቶቻቸው ተልጠዋል። መድኃኒቱ አቃጥሏቸዋል።

«ጋሼ… ለምን?»

«ስብሰባው ላይ አልነበርሽም? ከከተማ የመጡት ሹሞች ደሴቲቱ ለዓሣና ለወፍ ትከለል፣ ሰው ይነሳ አሉ። እኔ ስጠብቀው የኖርኩት ለእኛ ነው እኮ! የሚጠበቅ ነገር ከሌለ ምን ብለው ያስነሱናል አልኩ። ዓሣው እንደሆን ከርሞ ይመለሳል።»

«አይመለስም።»

«ማን አለ?»

«ውሃውን የመረመረው ባለሙያ። እንቁላሉም ሞቷል፤ ጭቃው ራሱ መርዝ ሆኗል። በእኔም ዕድሜ አይመለስም።»

አጎቷ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት። ካቴናውን ስታጠልቅ የተላጠውን እንዳይነካ ተጠነቀቀች።

ወደብ ሲደርሱ ጀልባው ሞልቷል። ፍራሽ፣ ድስት፣ የተጠቀለለ መረብ። ተሳፋሪዎቹን ማንም አላስነሳቸውም፤ የሚበላ ስለጠፋ በገዛ እግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ሳጅኗ ጃኬቷን አውልቃ ካቴናው ላይ ጣለችበት።

ሕፃን ያዘለች ጎረቤታቸው አየቻቸው።

«ውይ ጋሼ፣ እርስዎም? ሁሉም ቢሄድ እሳቸው ይቀራሉ ስንል!»

ሽማግሌው ጃኬቱ ስር ያለውን እጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ሴትየዋ ጓዟን ሰበሰበችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላቸው።