የሩፋን ጥላ

የዘርማት ፏፏቴ ደም የመሰለ ውሃ ተፋና ነጠፈ። የአገሩን ውሃ የሚያፈልቀው የምንጮች ጽዋ ከቤተ መንግሥቱ ተሰርቆ፣ የጥንት ነገሥታት በተዝናኑበት አጸድ ውስጥ ተደብቆ ነበር። «ጽዋውን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ ስም ይነቀልብኝ!» ብላ ማለች ወጣቷ የጦር አለቃ ዛምራ። ከእሷ ጋር አንድ ጡት ጠብቶ ያደገው ሩፋንም አብሯት ተነሣ።

በረሃውንና የእሳት ገደሉን አልፈው ከአጸዱ በር ሲደርሱ፣ የበሩ ጠባቂ፣ ቀንዳም አንበሳ፣ ተጋድሞ ጠበቃቸው።

«እንግዶች ሆይ፣ እንደ እንግዳ ተንሸራሸሩ» አለ። «እዚህ የቸኮለ ዛፍ ሆኖ ይቀራል። ዋስ ካለው ግን ዋሱ ይቀርለታል።»

ገቡ። በወይራ ጥላ፣ በጽጌረዳ እርከን፣ ጣዎስ በሚውልባቸው የድንጋይ ኩሬዎች ዳር እያዘገሙ ሄዱ። ሩፋን በየአበባው ይቆማል። ዕድሜዋን ሙሉ ሩጫ የተማረችው ዛምራ ጮኸችበት።

«አገር በጥም እያለቀ አንተ አበባ ታሸታለህ!»

«እኅትዓለም፣ ቀስ በይ። እስኪ ይህቺንም አሽቻት» ብሎ ሳቀባት።

ድንገት ጽዋው ከአንድ የእምነ በረድ ገንዳ ጠርዝ ላይ አበራ። ጥቂት እርምጃ ነበር የቀረው። ዛምራ ግን ሮጠች። ጽዋውን እንዳነሣች እግሯ ከመሬት ተጣበቀ፤ ቅርፊትም እስከ ጉልበቷ ወጣ።

ሩፋን ያን ጊዜም አልቸኮለም። ዝግ ብሎ መጥቶ አጠገቧ ቆመና «ዋሷ እኔ ነኝ» አለ። ቅርፊቱ እሷን ለቆ በእርሱ ላይ ወጣ።

«ወንድምዓለም!»

«ስትወጪ እንዳትሮጪ፣ አደራ» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። እያለቀሰች፣ ቀስ እያለች ወጣች።

ምንጮቹ ፈለቁ፣ ነጋሪት ተጎሰመ። ሕዝቡ «ጀግናዋ!» ባላት ቁጥር ዛምራ የምትገባበት ይጠፋት ነበር። ጥቂት እርምጃ መታገሥ አቅቷት ወንድሟን እንዳስቀረችው ታውቃለችና።

ጽዋው ከወጣ ወዲህ አጸዱ የቸኮለን አይዝም፤ ዛሬ ለሁሉም ተከፍቷል። በበዓል ቀን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ይንሸራሸሩበታል። ዛምራም እያዘገመች ትመጣና ከገንዳው ዳር፣ ከዛፉ ራቅ ብላ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ነፋስ ሳይኖር ቅርንጫፉ ያጎነብስላትና ጥላው ይደርስባታል።

«ተው ወንድምዓለም፣ ለእኔ አይገባም» ትልና ፈቀቅ ትላለች።

ጥላው ይከተላታል። ቢነፍጋት ይቀላት ነበር።