የረቡዕ ብርጭቆ

ወይዘሮ አትጠገብ ረቡዕ ጠዋት ቧንቧ ውሃ ሠፈር ከገዛ ቤታቸው በረንዳ ጫፍ ወድቀው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የድንጋይ ደረጃው ላይ አርፎ ደም በደም ሆኗል፤ ቀኝ እግራቸው ከታፋው ላይ ያለ ቦታው ታጥፏል። ያገኘቻቸው የልጃቸው ሚስት ፋሲካ ነበረች። ሆስፒታል ደርሰው ራጅ ተነሡ፤ ግን ራሳቸውን ሳያውቁ ከሰዓት በኋላ አረፉ። ሲወድቁ ቤት ውስጥ የነበሩት ፋሲካና ጡት የምትጠባ ልጇ ብቻ ስለሆኑ፣ ሠፈሩ ገዳይ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም።

ፋሲካ አላለቀሰችም። ፍርሃት እንባዋን አላሳልፍ አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። «እዩዋት፣ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም» ስትል አንዷ ለሌላዋ ሰማች። ከዚያ ወዲያ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ስማቸው የሚባለው ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ የዚያን ዕለት ግን ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ማልዶ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ስልክ ደርሶት ነው የተመለሰው። ከሆስፒታሉ በር በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። «ሚስቴ ናት የገፋቻት። መድኃኒቷን እንኳ ትደብቅባት ነበር» አለ። ይህን ያለው አሥራ አንድ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት ነው።

ኢንስፔክተር ሀምዱ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ መጣ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ኪሱ የሽምብራ ቆሎ የማያጣው ሰው ነው። ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን የረሳ ይመስል ሌላ ነገር ያያል። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ ከደረጃው ራቅ ብሎ መስኮቱ ሥር የወደቀውን የአሮጊቷን ምርኩዝ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«አብሽሪ እህቴ፣ አትንቀጥቀጪ። ሲወድቁ የት ነበርሽ?»

«ጓዳ። ልጄን እያጠባሁ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አይ… አዎ። ትናንት ማታ።»

«በምን?»

«በቤት ጣጣ» ብላ ዋሸች። የተጣሉት በክኒን ነው። የክኒኑ ፓኬት በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

ሀምዱ የመስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠውን ትልቅ ብርጭቆ በመሀረብ ይዞ አነሳው። ሥሩ ላይ ጠብታ ቀርቶበታል። «በዚህ ማን ጠጣ?»

«እማማ መሆን አለባቸው… አይ፣ እሳቸው አይሆኑም። ዛሬ ረቡዕ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም።»

«አንቺስ?»

«ኧረ እሱ የእሳቸው ነው፣ ማንም አይነካውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአጥንት ክኒናቸው ነው የሚይዙት። በባዶ ሆድ ውሃውን ጥርግ አድርገው ጠጥተው፣ ግማሽ ሰዓት ጋደም ሳይሉ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳሉ።» ክኒኑን ራሷ እንዳነሳችው የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

«ክኒኑስ የት አለ?»

«አላውቅም።»

ሀምዱ ቆሎውን እየቆረጠመ አያት።

ሐሙስ ከቀብር መልስ ሀምዱ ጎረቤታቸውን እትዬ ሐዋን በአጥሩ ላይ ሲያነጋግር ፋሲካ በመስኮት ሰማች።

«ጩኸትና ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ ብለዋል። የቱ ቀደመ?»

«ወላሂ አልዋሽም፣ ጩኸቱ ነው የቀደመው። ‹እግሬን! እግሬን!› አሉ። ከዚያ ነው ዱብ ያለው።»

«በመሐል የሌላ ሰው ድምፅ ነበር?»

«የሕፃኗ ልቅሶ ብቻ። እሱም ከጓዳ ነው የመጣው።»

ቀጥሎ የስማቸውን እህት ሰርካዲስን ጠራት። እናቷን የገነዘችው እሷ ናት። «ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነበር» ብላ አራት ክኒን የሚይዝ ብልጭልጭ ማሸጊያ አወጣች። አንድ ክኒን ብቻ ቀርቶታል። «ያቺ ሴት ስለምትደብቅባት ነው እንዲህ ቋጥራ የምትይዘው!» አለች ወደ መስኮቱ እያየች።

ሀምዱ ማሸጊያውን ገልብጦ አየው። በአንድ በኩል አረብኛ ተጽፎበታል። ሳያነብ አልቀረም፤ ኪሱ ከተተውና ሄደ።

ዓርብ አንዲት ሴት ፖሊስ ጓዳውን ስትፈትሽ ክንዷን እስከ ክርኗ ዱቄት ውስጥ አስገብታ ፓኬቱን አወጣች። ሰርካዲስ እሪ አለች። ስማቸው ወደ ፋሲካ ሲንደረደር ሀምዱ ደረቱን ይዞ አቆመው። «ዛሬውኑ ካልታሰረች እኔ አልኖርም!» አለ ስማቸው። ፋሲካን ያሳሰበቻት ልጇ ናት። እስር ቤት ይዛት ትገባለች ወይስ ይነጥቋታል? ጡቷ ከአሁኑ የነጠፈ መሰላት።

«ለምን ደበቅሽው?» አለ ሀምዱ ዝቅ ብሎ።

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለችም። «ታፋዬን አመመኝ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የክሊኒኩን ነርስ ከድጃን ጠየቅኋት። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ክኒን እንደሚውጡ ስነግራት ደነገጠች። ሐኪም ሳያያቸው እንዲህ መቀጠል የለባቸውም አለችኝ። ለባሌ ብነግረው ‹የፋብሪካ ነርስ ምን ታውቃለች› አለኝ። ከዚያ ደበቅሁት። ሁለት ወር ሆነው። ጌታዬ፣ አልገፋኋቸውም። ግን ክኒኑን ስለከለከልኋቸው አጥንታቸው ሳስቶ ተሰብሮ ቢሆንስ? እኔ ገድያቸው ቢሆንስ?»

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣት ይህ ነበር። ከእስሩም በላይ የፈራችው ይህን ነው።

«ነገ ሣልስት ነው። ነገ እነግርሻለሁ» አለ ሀምዱ። «እስከዚያ ከቤት እንዳትወጪ።»

ቅዳሜ ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ ምሳ ሲቀርብለት፣ ሀምዱ ስማቸውን፣ ሰርካዲስን፣ እትዬ ሐዋንና ፋሲካን ሳሎን ሰበሰባቸው። ከሆስፒታሉ ዶክተር ምንይሉ ሁለት የራጅ ፊልሞች ይዞ መጥቷል። ፋሲካ ልጇን ታቅፋ በሩ አጠገብ ብቻዋን ተቀመጠች።

«ከምርኩዙ ልጀምር» አለ ሀምዱ። «ከደረጃ ላይ የተገፋ ሰው ምርኩዙን ይዞት ይወርዳል። የእሳቸው ግን መስኮቱ ሥር፣ የበረንዳው ወለል ላይ ነበር። እዚያ ቆመው ሳሉ ነው አንድ ነገር የደረሰባቸው። ምን? እትዬ ሐዋ ነግረውናል። ‹እግሬን› ብለው የጮኹት ከመውደቃቸው በፊት ነው። የወደቁት እግራቸው ስለተሰበረ ነው። በአንድ እግር ሲንገዳገዱ ከበረንዳው ጫፍ ወረዱ።»

«አጥንት በቆመበት ይሰበራል እንዴ?» አለች ሰርካዲስ።

ዶክተር ምንይሉ ፊልሙን በበሩ ብርሃን ላይ ያዘው። «ይሄኛው ይሰበራል። እዩት፣ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። ይህ መድኃኒት ብዙ እናቶችን ከስብራት ያዳነ ነው፤ ማንም ሰምቶኝ ቤቱ ሄዶ እንዳይጥለው። ግን ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ሐኪም እየተከታተለው መሆን አለበት። ካልሆነ፣ አልፎ አልፎ፣ የታፋን አጥንት እንዲህ ያደርገዋል። ቀድሞ ሕመም ይሰማል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይቆረጣል።» ሁለተኛውን ፊልም አነሳ። «ይህ ያልተሰበረው ግራ እግራቸው ነው። በዚያው ቦታ አብጦ መሰንጠቅ ጀምሯል።»

«ፋሲካ ቀኙን ገፍታ ሰበረችው እንበል» አለ ሀምዱ። «ግራውን ከወራት በፊት ማን ጀመረላት?»

ፋሲካ ሳታስበው ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ዶክተር… ሁለት ወር ስለከለከልኋቸው ቢሆንስ?»

«አይደለም እህቴ። መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሁለት ወር እንዲህ አይሆንም። ይልቅ መቆሙ ነበር የሚበጃቸው።»

«ግን መች ቆመ?» አለ ሀምዱ። «ረቡዕ ነው። ውሃ የማይቀምሱ ጾመኛ ትልቁን ብርጭቆ ጥርግ አድርገው ጠጥተው፣ በረንዳ ላይ ሲንጎራደዱ ነበር። ለክኒን ካልሆነ ለምን? ክኒኑ ደግሞ የቅዳሜ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው፣ ሌላ ክኒን፣ በሌላ ቀን ይጨምርላቸው ነበር። ፋሲካ የደበቀችው ከአዲስ አበባ የተገዛ ነው። ነጠላቸው ላይ የተቋጠረው ግን አረብኛ ተጽፎበታል።» ወደ ስማቸው ዞረ። «ከዚህ ቤት ጅቡቲ የሚመላለሰው ማን ነው?»

ስማቸው አንገቱን ደፋ።

«ከሁለት ዓመት በፊት ‹አምስት ዓመት ሞልቷቸዋልና አቁሙ፣ አምጣቸውና ልመርምራቸው› ብዬህ ነበር» አለ ዶክተሩ። «እሺ ብለኸኝ ሄድክ።»

«ፈራሁ» አለ ስማቸው። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። «ወገቧ ሲሰበር ዓመት አልጋ ላይ ነበረች። ያ ክኒን ነው ያስነሳት ብዬ… ካቆመች ተመልሳ ትተኛለች ብዬ ፈራሁ። ታፋዬን ስትለኝ አጥንቷ አነሰው ብዬ ረቡዕ ረቡዕ ጨመርኩላት። ውሃውንም እኔ ነኝ ቀድቼ ሰጥቻት የወጣሁት። ‹ጾም ነው› አለችኝ። ‹ለመድኃኒት ነው እማዬ፣ እግዜር አይቆጥርብሽም› አልኳት።»

«ሕጉ የሚለውን ዐቃቤ ሕግ ያያል» አለ ሀምዱ። «ማንም አልገፋቸውም፤ ምርመራዬ እዚህ ላይ ያበቃል። አብሽሪ ፋሲካ።»

ሰርካዲስ ከወንድሟ አጠገብ ተነስታ ራቅ ብላ ቆመች። ስማቸው ባዶ በቀረው ወንበር ላይ አሻግሮ እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። ፋሲካ እጁን አየችው፤ አልያዘችውም፤ አልገፋችውምም። ዓይኗ በመስኮቱ አልፎ በረንዳው ላይ አረፈ። ወይዘሮ አትጠገብ ማክሰኞ ማታ ተቆጥተዋት ሲያበቁ፣ ሌሊት ሕፃኗ ስታለቅስ ተነስተው እያነከሱ መጥተው «አምጪያት፣ አንቺ ተኚ» ያሏት ትዝ አላት።

«እማማ!» ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኻ አለቀሰች። እትዬ ሐዋ ሕፃኗን ተቀብለዋት ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ» አሏት።