ዜሮ ነጥብ ስድስት ቮልት

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ወድቃለች።

ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ከፊቴ ያለው ሟቹ አጎቴ በገዛ እጁ የሠራው አምፕሊፋየር ነው። የአጎቴ ድምፅ የተቀዳበት አንድ ካሴት ቀርቷል። ሚስቱ፣ እትዬ፣ እሱን ልስማ ብለው ከጠዋት ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

አምፕሊፋየሩ ግን እምቢ አለኝ።

ትራንዚስተር ድምፅ እስኪመጣለት ነቅቶ እንዲጠብቅ ትንሽ ቮልት ይፈልጋል። ዜሮ ነጥብ ስድስት አካባቢ።

የኔው በቮልት መለኪያዬ፣ በቴስተሩ፣ ሲታይ ዜሮ ነው።

ትራንዚስተሩን ቀየርኩ። ዜሮ።

ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለካሁ፤ ደህና ናቸው። ካፓሲተሩን ቀየርኩ። ዜሮ። ጣቴንም በመበየጃ ካውያው ጠበስኩት።

«አጎቴ እልኸኛ ነበር፤ ዕቃውም በሱ ወጣ» ብዬ አጉረመረምኩ።

እትዬ ፈገግ አሉ። አንድ ጊዜ ተኳርፈው ሳምንት ሙሉ የሚያናግራቸው ካሴት ላይ እየቀዳ እንደነበር አጫወቱኝ።

የቴስተሩ መርፌ ተነሣ።

ዜሮ ነጥብ ስድስት... ፀጥ ብሎ ቆመ።

ተመስገን ብዬ ካሴቱን ላስገባ ስል እትዬ ወሬያቸውን ጨረሱ።

መርፌው ወደቀ።

የላላ ብየዳ ነው ብዬ ሁሉንም እንደ አዲስ በየድኩት። ዜሮ። አንሥቼ ከግድግዳ ላላትመው ምንም አልቀረኝ።

እትዬ አይዞህ አሉኝ። መርፌው ተነሣ። ዝም አሉ... ወደቀ።

እኔም አወራሁ። ጮህኩበት። ንቅንቅ አላለም።

በቃኝ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ውስጡ የቀረውንም ኮረንቲ እስከ መጨረሻው አስለቀቅኩት። አሁን ሬሳ ነው።

«እትዬ... እስቲ አንድ ነገር ይበሉ።»

«ምን ልበል ልጄ?»

ተነሣ።

እትዬ መርፌውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ወደተገናኘው ስፒከር አስጠጉና በሹክሹክታ...

«አለህ?»

ዝም አሉ።

መርፌው አልወደቀም።

የስፒከሩ ወረቀት ቀስ... ቀስ... እያለ ወደ ውጭ ተገፋ። ድምፅ የለውም። ከውስጥ በኩል አምስት የጣት ጫፎች ወጥረውታል።

እትዬ እጃቸውን ዘረጉና፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በጣት ጫፎቹ ላይ አሳረፉ።