የገንዘብ ፈሊጥ ያስጠናሁት ሰው

ሶፋ ሠሪው እኔ ወደማስተምርበት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የመጣው የሚስቱ ንግግር አልገባው ብሎ ነው። እውነቴን ነው፣ አትሳቁ።

ሚስቱ ልበላት እንጂ አንድ ቀን እንኳ አብረው አላደሩም። ውጭ አገር ያደገች የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ቤተሰብ ከቤተሰብ ተነጋገረ፣ እሷም መጥታ ተፈራረመችና ተመለሰች። እሱ ወደ እሷ ለመሄድ የቀረው የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ነው። ታናሽ እህቱ ኩላሊቷ ደክሞ በማሽን እጥበት ነው የምትኖረው፤ የሶፋ ገቢ ደግሞ ለእጥበት የትም አያደርስም። እሱ ካልሄደ እህቱ ትሞታለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ሚስቱ በስልክ የምትልክለት የድምፅ መልእክት ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ ፈሊጥ።

«ቲቸር፣ ‹ከጴጥሮስ ሰርቄ ለጳውሎስ እከፍላለሁ› ትላለች። ጴጥሮስ ማነው?» አለኝ ፊቱን አጥቁሮ።

«ማንም አይደለም፣ አነጋገር ነው። ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችውን አንስታ መብራት ትከፍልበታለች ማለት ነው።»

«እፎይ! እኔ ደግሞ ውሽማዋ መስሎኝ።»

«ውሽማ ቢሆን ጳውሎስን ምን ልታደርገው ነው ታዲያ?»

ሳቅን። ጉዴ የጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደጨረሰ ይመጣል፤ የስፖንጅ ብናኝ እጅጌው ላይ እንዳለ። መልእክቶቹን አንድ በአንድ እንሰማለን። አንድ ቀን «ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት አቃተኝ» ስትል ሰማናት። ላስረዳው ስል እጁን አነሳ።

«ይቺ ገብታኛለች። ጨርቁ አጥሮ የሶፋው ጀርባ ላይ ሲቀር ማለት ነው። ደመወዟም እስከ ወሩ መጨረሻ አያደርሳትም።»

«ጎበዝ! ከእጅ ወደ አፍ ነው ኑሮዋ።»

ልጠላት ፈልጌ ነበር። ግን ሁለት ቦታ ትሠራለች፣ ድምጿ ውስጥ ድካም አለ። የደከመ ሰው እንዴት ይጠላል?

አጠቃቀሙንም አስተማርኩት። ፈሊጥ እንደ ጨው ነው፣ ሲበዛ ያበላሻል አልኩት። «ጠያቂው ፊት ‹ኪሴ ነጥፏል› እንዳትል፤ እሱ ከጓደኛ ጋር የሚባል ነው። ‹እንደ አቅማችን እንኖራለን› በል፤ ይሄ ጨዋ ነው። ‹እጅና እግር አስከፈለኝ› የሚባለው ደግሞ ዋጋው እሳት ለሆነ ዕቃ ነው፤ ስለ እህትህ ሕክምና ስትናገር አትቀልድበት።»

ለልምምዱ እኔ ሚስት ሆንኩ። የማስተምርበት መንገድ እንደዚያ ነው፤ ሽምደዳ አልወድም። «የተሸመደደ መልስ ከሩቅ ያስታውቃል። በደንብ የምታውቃትን ሴት አስብና መልስ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ?

ቃለ መጠይቁ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ መናገር አቃተኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ሰሌዳውን ማጥፋት ያዝኩ።

«ሐሳብሽን በአንድ ሳንቲም ልግዛው?» አለ በእንግሊዝኛ፤ ምን እያሰብሽ ነው ማለቱ ነው።

«በትክክል ተጠቅመሃል» አልኩ ሳልዞር።

«መልሱስ?»

ዞርኩ። ተያየን። ወድጄው ነበር፤ ወዶኝም ነበር። ሁለታችንም ከማንም ሳንሰማ እናውቀዋለን።

«አትሂድ በይኝና ልቅር» አለ።

«እህትህስ?»

አቀረቀረ። ከታች ያለው ጎማ ቤት አየር ሲነፋ ይሰማል። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ሚስቱ ለቃለ መጠይቁ መጣች፤ አብረው ገቡ። በማግስቱ ብቻዋን እኔ ክፍል በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቀጭን ናት፣ ከዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ድምጿን ስሰማ ነው ያወቅኳት።

«አለፍን» አለች። ቋንቋችን አፏ ላይ ይከብዳታል። «አንቺን ለማመስገን መጣሁ። እና ደግሞ ለማየት።»

ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ሰውዬው ጠየቀው። ‹ገንዘብ ሲያልቅባችሁ ሚስትህ ምን ትሆናለች?› አለው። እሱ ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ‹መጀመሪያ ትቆጣለች፤ ከዚያ በራሷ ቁጣ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በግራ እጇ ትሸፍናለች። እሷ ስትስቅ የቸገረኝ ይጠፋኛል› አለ። ሰውዬው አመነው፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።» ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ስስቅ አፌን አልሸፍንም።»

ግራ እጄ አፌ ላይ ነበር። አወረድኩት።

ስድቡን ጠበቅኩ። ምነው በሰደበችኝ! እሷ ግን ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ሁለት ሥራ ሠርቼ ማንም የሌለበት ቤት ነው የምገባው። ሰው መጣልኝ ብዬ ነበር» አለች። «ትናንት ስንወጣ ታክሲው ውስጥ አለቀሰ። ምን እንደምለው አላወቅኩም። ሲከፋው አንቺ ምን ትይዋለሽ?»

«ተይው፣ ዝም በይው» ልላት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። እድሜ ልኳን ዝም ትለው ነበር፤ እሱም እድሜ ልኩን እኔን ያስብ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ዝም አትበይው» አልኳት። «ሲከፋው ዝም ከተባለ ይብስበታል። ስለ ሥራው ጠይቂው፤ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ስፖንጁ። ስለ እህቱ ግን እሱ እስኪጀምር ጠብቂ። ስትቀልጂበት ደስ ይለዋል፣ አትፍሪው።»

«ቀስ በይልኝ» አለች።

ቀስ ብዬ ደገምኩላት። እሷም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎቼ፣ ከኋላዬ እየተከተለች ቃል በቃል አለችው።